የቤታችን ውሻ ቢናገር



ካናዳዊቷ ደራሲ ማርጋሬት ማርሻል ሳውንደርስ በ1893 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ልብ ወለድ ውስጥ ታሪኩን የሚተርክልን ሰው ሳይሆን ውሻ ነው። የመጀመሪያ ጌታው የነበረው ወተት ሻጭ ከአንዱ በቀር ቡችሎችን ሁሉ ገደለ፤ እናታቸውም በሐዘን ሞተች። የተረፈው ልጅዋ ተቆጥቶ ጌታውን ቢነክሰው፣ ሰውየው ሁለት ጆሮዎቹንና ጅራቱን ቆረጠበት። በመንገድ ያልፍ የነበረ ወጣት ጩኸቱን ሰምቶ አዳነው፤ ሞሪስ የሚባሉ ቤተሰቦችም ተቀብለው ቁስሉን አከሙለት፤ «መልከ መልካሙ ጆ» የሚል ስምም አወጡለት። ስሙ የወጣለት ስለ ውበቱ እንዳልሆነ ራሱ ይነግረናል።

እንስሳ ሲናገር መስማት ለመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ እንግዳ አይደለም። የበለዓም አህያ ነቢዩ ያላየውን መልአክ አየች፤ እርሱ ግን ሦስት ጊዜ መታት። እግዚአብሔር አፏን በከፈተላት ጊዜ የተናገረችው ስለ ሰማይ ምሥጢር ሳይሆን ስለ መመታቷ ነበር። መልአኩም አስቀድሞ በለዓምን የጠየቀው ይህንኑ ነው (ዘኍ. 22)።

እኛስ? በቤተ ክርስቲያን የሚታየውን መልካችንን ካህኑም ጎረቤቱም ያውቁታል። በራችን ከተዘጋ በኋላ ያለውን መልካችንን የሚያውቀው ግን በግቢያችን የታሰረው ውሻ ነው። ደክመን ስንገባ በማን ላይ እንደምንጮኽ፣ ለቤት ሠራተኛዋ ምን ዓይነት ቃል እንደምንወረውር፣ ሕፃኑ ኮቴያችንን ሲሰማ ወደ እኛ ይሮጥ ወይም ይሸሸግ እንደ ሆነ ያያል። ውሻው አይናገርም፤ ሠራተኛዋና ሕፃኑም ብዙ ጊዜ አይናገሩም። እኛን የሚያደፋፍረን ዝምታቸው ነው።

የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርተ ክርስቶስ እንስሳትን ያለ አስፈላጊ ምክንያት ማሠቃየት የሰውን ክብር እንደሚፃረር ያስተምራል (ቍ. 2418)። የእንስሳውን ክብር ሳይሆን የሰውን ክብር ማለቱን ልብ እንበል፤ ጭካኔ አስቀድሞ የሚያጐድፈው የጨካኙን ነፍስ ነውና። ይኸው ትምህርት ለድኻ ሊውል የሚገባውን ገንዘብ ለእንስሳት ማባከንንም ይነቅፋል። የአልዓዛርን ቁስል ውሾች ሲልሱ፣ ባለጠጋው በዚያው ደጅ ላይ አላየውም ነበር (ሉቃ. 16)።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ወደ ቤታችን ስንመለስ በደጃፉ ላይ ጥቂት ቆም እንበል። ይህ ውሻ ታሪካችንን ቢጽፍ ምን ይጽፍ ነበር? በቃልም ሆነ በእጅ የበደልነው ካለ ሳናድር ይቅርታ እንጠይቀው።

ዝም ያሉትን የሚሰማ አምላክ የዋህ ልብ ይስጠን። አሜን።