ልምላሜ የሰወረው ረኃብ

የአንዲት ትንሽ ከተማ መልካምነት የሚለካው በምንድን ነው? በሥፍራዋ ማማር ነውን? በአየሯ ጤናማነትና በምድሯ ልምላሜ ነውን? ወይስ በውስጧ የሚኖሩት ሰዎች እርስ በርሳቸው በሚተያዩበት ዓይን ነው? ይህ ጥያቄ ላይ ላዩን ለሚያየው ሰው ቀላል ይመስላል፤ ጠለቅ ብሎ ለሚመረምረው ግን የምግባር ጥያቄ ነው። ሰው ያለ ሰው ኑሮው ስለማይሞላለት መንደርን መሠረተ፥ ከተማንም ቈረቈረ፤ እንግዲህ ከተማ የተባለችው ሁሉ የተመሠረተችበትን ይህን ምክንያት ፈጽማ እንደ ሆነ ልትጠየቅ ይገባታል።

ለዚህ ነገር ምሳሌ ትሆነን ዘንድ ኩየራን እንመልከት። ኩየራ በኦሮሚያ ምዕራብ አርሲ፥ ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፥ በአርሲ ነገሌና በሻሸመኔ መካከል ሆና ወደ ሻሸመኔ የቀረበች ትንሽ ከተማ ናት። መንገደኛው ላንጋኖን፥ አብያታንና ሻላን፥ እነዚያን የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች አልፎ ወደ ደቡብ ሲዘልቅ፥ ግራሩና ሙቀቱ ወደ ኋላው እየቀረ አገሩ ከፍ ይላል፤ አየሩም ቀዝቀዝ ይላል። በክረምት የደረሰባት እንደ ሆነ በቆሎው፥ ስንዴውና ድንቹ ምድሩን አልብሶት ያያል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ የአድቬንቲስቶች ትምህርት ቤት ስለ ተተከለባት፥ ትምህርት ፈላጊዎች ከሩቅ አገር ሳይቀር ሲመጡባት ኖረዋል። በአካባቢው ከአርሲ ኦሮሞ ጋራ ከልዩ ልዩ የኢትዮጵያ ክፍል የመጡ ሰዎች ጎጆ ቀልሰው፥ ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ገበያ እየተገበያየ፥ በአንድ መንገድ እየተላለፈ ይኖራል።

የእንዲህ ያለች ከተማ ትልቁ ሀብት መተዋወቅ ነው። በትልቅ ከተማ አንዱን ከሌላው የሚለየው ግንብ ነው፤ ሰውየው ከግንቡ ወዲያ ያለው ጎረቤቱ መታመሙን ሳይሰማ መሞቱን ሊሰማ ይችላል። በትንሽ ከተማ ግን የእገሌ ላም ወለደች፥ የእገሊት ልጅ ከትምህርት ተመለሰ የሚለው ነገር ሳይመሽ ይዳረሳል። ቡና ሲፈላ ጎረቤት ይጠራል። ሰው የሞተ እንደ ሆነ ጡሩምባ ይነፋል፤ ወዲያው ድንኳን ይተከላል፥ ንፍሮ ይቀቀላል፥ ሐዘንተኛው ብቻውን አያድርም። ይህ ሁሉ ከአባቶቻችን የተቀበልነው የከበረ ሥርዓት ነው፤ የሚያቃልለው ሰው ቢኖር ምን እንዳጣ ገና አላወቀም።

ነገር ግን መተዋወቅ ሁልጊዜ መተያየት ነውን? በ2000 ዓ.ም. የሆነውን ለሚያስታውስ ሰው ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት ቀላል አይሆንለትም። በዚያ ዓመት የበልጉ ዝናም ቀረ። በበልግ ሊደርስ የታሰበው ሰብል ጠፋ፤ በዚያው ዘመን የእህል ዋጋ በዓለም ሁሉ፥ በአገራችንም ገበያ እጅግ ናረ። ከዚያ በኋላ ዝናሙ መጣ፤ ምድሪቱም ለመለመች። በቆሎው ቆሞ ይታያል፤ ፍሬው ግን ገና አልደረሰም። ስለዚህ ዓይን የሚያየው ልምላሜ፥ በየቤቱ ያለው ግን ረኃብ ሆነ። ይህንም ብዙዎች “አረንጓዴ ረኃብ” ብለው ጠሩት። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ማኅበር በኩየራ በምግብ እጦት ለተጎዱ ሕፃናት የሕክምና ሥፍራ ከፍቶ ነበር፤ እናቶችም በዚያ ለምለም መስክ መካከል እያለፉ ልጆቻቸውን አዝለው ወደዚያ ይመጡ ነበር። ከጎዳናው ላይ ሆኖ በመኪና መስኮት ያየ መንገደኛ ግን፥ ይህ አገር ምን ያህል የተባረከ ነው ብሎ ሊያልፍ ይችል ነበር።

ረኃቡን የሰወረው የመሬቱ ልምላሜ ብቻ አልነበረም። ሐኪሞች እንደሚያስተምሩት፥ በምግብ እጦት እጅግ የተጎዳ ሕፃን አንዳንድ ጊዜ አይከሳም፤ ይልቁን እግሩና ፊቱ ያብጣል። ነገሩን የማያውቅ ሰው ይህን ሕፃን ሲያየው የወፈረ ይመስለዋል። በዚህም ላይ ሦስተኛ መጋረጃ አለ፤ እርሱም ይሉኝታ ነው። ችግረኛ እናት ችግሯን ለጎረቤት ከመንገር በሯን መዝጋት ይቀላታል። ጭስ የወጣበት ቤት ሁሉ እህል የተቀቀለበት እንዳልሆነ ማን ያስተውላል? እንግዲህ መሬቱ በልምላሜው፥ ሕፃኑ በእብጠቱ፥ እናቲቱ በይሉኝታዋ ረኃብን ሲሰውሩት፥ የሚያውቅና የሚተዋወቅ ጎረቤት እንኳ ሳያይ ይቀራል።

በዚህ ጊዜ አንድ ሰው ተነሥቶ፦ “ዝናሙን የከለከልሁ እኔ አይደለሁም፤ የእህልንም ዋጋ ያስወደድሁ እኔ አይደለሁም፤ ባላየሁት ነገር እንዴት እጠየቃለሁ?” ቢል ንግግሩ ከንቱ አይደለም። በእውነቱ የዚያ ዓመት መከራ ምንጩ ከአንዲት ትንሽ ከተማ ዓቅም በላይ ነበር፤ የከተማው ነዋሪም ራሱ በኑሮ ውድነት ተጨንቆ ነበር። ማንንም ለመውቀስ አንጽፍም። ነገር ግን ባለማየት መካከል ልዩነት አለ። ሊያውቅ ከቶ የማይችል ሰው አለ፤ እርሱ በደል የለበትም። አይቶ ያለፈ ሰው አለ፤ እርሱም በደጁ የወደቀውን አልዓዛርን እያየ ይበላ ይጠጣ የነበረው ባለጸጋ ነው። ያ ባለጸጋ የተፈረደበት የአልዓዛርን ገንዘብ ቀምቶ እንዳልሆነ እናስተውል፤ በደጁ ያለውን ሰው እንደሌለ ስለ ቈጠረው ነው። በሁለቱ መካከል ግን ሦስተኛ ሰው አለ፤ ጥቂት እርምጃ ተራምዶ፥ አንድ ቃል ጠይቆ ሊያውቅ ሲችል ያልጠየቀ ነው። አብዛኞቻችን የምንገኘው በዚህ በሦስተኛው ሥፍራ ነው፤ ስለዚህ “አላየሁም” ማለት ብቻውን መልስ አይሆነንም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? የምንሠራበት መሣሪያ በእጃችን አለ። ዕድር ለሞተ ሰው ፈጥኖ ይደርሳል፤ ለሚሞተውስ ሰው ለምን አይደርስም? ይህ የማይቻል አዲስ ነገር አይደለም። የኤችአይቪ በሽታ አገራችንን ባስጨነቀበት ዘመን፥ በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች ብዙ ዕድሮች መተዳደሪያ ደንባቸውን አሻሽለው በሕይወት ያሉትን ሕሙማንና ወላጅ ያጡትን ልጆች መርዳት ጀምረው ነበር። የኦሮሞ ሕዝብም ቡሳ ጎኖፋ የሚባል የቈየ ሥርዓት አለው፤ ከብቱ ያለቀበት፥ ንብረቱ የጠፋበት ሰው ፈጽሞ ሳይወድቅ ወገኖቹ አዋጥተው ያቋቁሙታል። ይህ ሥርዓት የሚጠብቀው የሞት ጡሩምባን አይደለም፤ ከሞት በፊት ይቀድማል። በአንድ መንደር የሚኖሩ ሰዎች አንዱ ከሌላው መልካሙን መማር ይገባቸዋል።

የሰንበቴና የማኅበር አባላትም ጽዋውን ሲያነሡ የመጣውን ሰው ብቻ አይቍጠሩ፤ የቀረውን ሰው ስም ይጠይቁ። ሁለት ሰንበት የቀረ ሰው ለምን ቀረ? መዋጮውን ማዋጣት አፍሮ ይሆንን? ካህናት አባቶችም ከሁሉ የሚበልጥ ዕድል አላችሁ፤ ሌላው ሰው በማይገባበት ጓዳ የንስሐ አባት ይገባልና። ጠበል ሊረጭ የገባ አባት በዚያው ዓይኑ የሌማቱን ባዶነት፥ የሕፃኑን እግር እብጠት ያያል። ያየውን ምሥጢር ሳይገልጥ፥ የእናቲቱንም ክብር ሳይነካ፥ ርዳታ በጊዜው እንዲደርስ ማድረግ ይችላል። በጾም ወራት ከገበታችን የቀነስነውም ለተራበ ካልሆነ ለማን ሊሆን ነው?

መስጠትም ዕውቀት እንደሚያስፈልገው አንርሳ። እጅግ የተራበ ሕፃን በአንድ ጊዜ ብዙ ምግብ ቢሰጠው ሊሞት ይችላል፤ ሐኪሞች በመጀመሪያ ለዚህ የተዘጋጀ ወተት በጥቂት በጥቂቱ፥ በሰዓቱ እየለኩ ያጠጡታል፤ ሰውነቱ ሲበረታም ከለውዝ የተዘጋጀ ገንቢ ምግብ ይሰጡታል። ከዚህ የምንማረው፥ አንድ ቀን ደግሶ አብልቶ ዓመት ሙሉ መርሳት የተራበን እንደማያድን ነው። ጥቂት ቢሆንም ሳያቋርጡ፥ በልክና በትዕግሥት መርዳት ይበልጣል። የሚረዳውንም ሰው ሃይማኖትህ ምንድን ነው፥ ትውልድህስ ከወዴት ነው ብሎ መጠየቅ አይገባም፤ በመንገድ ወድቆ ያገኘውን ቁስለኛ ያነሣው ሳምራዊ አስቀድሞ እንዲህ ብሎ አልጠየቀምና።

ውድ አንባብያን ሆይ፤ የኩየራ አየር መልካም ነው፤ ምድሯም ለምለም ነው፤ ይህም የእግዚአብሔር ስጦታ ስለ ሆነ ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን ልምላሜ ከዝናም ጋራ ይመጣል፥ ከዝናምም ጋራ ይሄዳል፤ አንዳንድ ጊዜም ረኃብን ይሸፍናል። የኩየራም፥ የሌላይቱም ትንሽ ከተማ ሁሉ እውነተኛ ውበት፥ በአንዱ ቤት እሳት ሲጠፋ በሌላው ቤት መታወቁ ነው። ስለዚህ ሁላችንም ዛሬውኑ፥ ጡሩምባው ሳይነፋ፥ በአቅራቢያችን ያለውን የተዘጋ በር እናንኳኳ። የምናይበትን ዓይን፥ ያየነውንም የማናልፍበትን ልብ አምላካችን ያድለን፤ አሜን።