ያለፈውን ስለ መናፈቅ

ወጣቶች ሆይ፤ ያለፈውን መናፈቅ በጎ ነውን? ወይስ ራስን ማታለል ነው?

እ.ኤ.አ. በ1982 ኮሞዶር 64 የተባለ የቤት ኮምፒዩተር በአሜሪካ ወጣ። ሮበርት ያንስ የተባለ መሐንዲስ የነደፈለት ሲድ የሚባል የድምፅ ቺፕ ነበረው፤ በአንድ ጊዜ ሊያሰማ የሚችለውም ሦስት ድምፅ ብቻ ነበር። የዜማ ደራሲዎቹ ግን በዚህ አልተገቱም። ኖታዎችን በአንዱ ድምፅ ላይ በየተራ እጅግ አፍጥነው ሲያሰሙ፣ ጆሮ ባንድነት የተመቱ ይመስለው ነበር።

እኔም በወጣትነቴ ለትምህርት ባሕር ማዶ ሳለሁ ይህን መሣሪያ ሰምቼዋለሁ። ኋላ መምህር ሆኜ ለተማሪዎቼ «የዛሬው ሙዚቃ ከዚያ አይደርስም» እላቸው ነበር። አንድ ቀን አንዱ ተማሪ ከነዚያ ዜማዎች አንዱን ፈልጎ አምጥቶ አሰማኝ። ድምፁ ሻካራ ነው፤ ተማሪዎቹ ፈገግ አሉ፤ እኔ ግን ዐይኔ እንባ አቀረረ። ለካ የናፈቀኝ የገዛ ወጣትነቴ ኖሯል! እርሱን ስላጣሁ የልጆቹን ዘመን ስነቅፍ ኖርሁ፤ ይህም በደል ነው።

ታዲያ ናፍቆት ከንቱ ነውን? አይደለም። ናፍቆት ምስክር ሲሆን ይጠቅማል፤ ዳኛ ሆኖ ሲቀመጥ ግን ፍርድ ያጣምማል። ስለዚያ መሣሪያ በእውነት ሊመሰከር የሚገባው፣ ሰዎች በሦስት ድምፅ ብዙ ለማሰማት መትጋታቸው ነው። ይህ ትጋት በማንኛውም ዘመን ይገኛልና፣ እናንተም የጎደላችሁን ከመቁጠር በፊት በእጃችሁ ባለው ሥሩ። እኛ ሽማግሌዎች ደግሞ ዘመናችሁን ከመንቀፋችን በፊት ዜማችሁን እንስማ።