ምርኩዝ እግር አይሆንም

ከሲጋራ ለመላቀቅ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ መያዝ ነጻነት ነው ወይስ ሱስን በሱስ መለወጥ? በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሽያጩ ተከልክሏል። በእንግሊዝ አገር ግን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2023 መሣሪያውን ለአንድ ሚሊዮን አጫሾች ለማደል ማቀዱን አስታውቋልና፣ ጥያቄው በዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችንንም ይመለከታል።

አጫሹን በብዛት የሚገድለው የትምባሆው ጭስ ነው፤ አስሮ የሚይዘው ግን ኒኮቲኑ ነው። ስለዚህ ታናሹን ጉዳት መምረጥ፣ ከታላቁ ለመሸሽ እስከ ሆነ ድረስ፣ የሚነቀፍ አይመስለንም። የእንግሊዝ ሕግ ኒኮቲኑን በሚሊሊትር ከ20 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ወስኗል፤ ብዙ ያጨስ የነበረ ሰው እጅግ ዝቅ ባለው ቢጀምር ወደ ሲጋራው ሊመለስ ይችላልና፣ ጠንከር ያለውን መምረጡ አያሳፍረውም። ሁለቱን ጎን ለጎን የሚያጨስ ግን ከጭሱ ገና አልተላቀቀም። ከቶ አጭሶ ለማያውቅ ወጣትም የሚሸሸው ታላቅ ጉዳት ስለሌለ፣ ታናሹ ራሱ ትርፍ ጉዳት ይሆንበታል።

ምርኩዝ የተሰበረ እግር እስኪድን ይደግፋል፤ እግር ግን አይሆንም። እንግዲህ የመጀመሪያውን መሣሪያ የሚመርጥ ሰው፣ ኒኮቲኑን ደረጃ በደረጃ እየቀነሰ መሣሪያውንም የሚተውበትን መንገድ አብሮ ይምረጥ እንላለን። እኛም ስንደግፈው እንጂ ስንፈርድበት አንገኝ።