ከሰማያዊው ደብተር ጋር የተላከ

ልጄ፣

የፎረንሲክ ፓቶሎጂ ስፔሻሊቲሽን መጨረስሽን እናትሽ ስትነግረኝ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። ምርምር መሥራት እንደምትፈልጊ፣ ግን ርዕስ እንዳጣሽም ነገረችኝ። በዚህ ሙያ ሠላሳ ዓመት ቆይቻለሁ። ለእኔ ርዕስ የሰጠኝ የተሳሳትኩበት ቀን ነው፤ ስለዚህ እሱን ልንገርሽ።

ገና ጀማሪ ሳለሁ ወደ አንድ ቆላ ከተማ ተላክኩ። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ብቻውን ሞቶ የተገኘ ጎልማሳ ነበር። የውስጥ ሙቀቱን ለካሁ፤ 36 ዲግሪ። የተማርንበት መጽሐፍ አስከሬን በሰዓት 1 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል ይላልና «ከሞተ ከ1 እስከ 2 ሰዓት» ብዬ ጻፍኩ። መገጣጠሚያዎቹ ደርቀው ነበር። አይቼዋለሁ፤ ግን «ሙቀቱ አፋጥኖት ነው» ብዬ አለፍኩት፤ ቁጥሩን አመንኩ። እኔ በጻፍኩት ሰዓት አንድ የቀን ሠራተኛ በሩ ላይ ታይቶ ኖሮ ሦስት ሳምንት ታሰረ። በኋላ የሟቹ ሕይወት ያለፈው በዋዜማው ማታ መሆኑ ተረጋገጠ።

የክፍሉን ሙቀት አልለካሁም ነበር። ያ ቤት ራሱ እንደ ሰው ገላ ይሞቅ ነበር፤ በዙሪያው ያለው አየር ከእሱ ካልቀዘቀዘ አስከሬኑ ሙቀቱን ለማን ይሰጣል? የመጽሐፉ ቁጥር የተወሰደው ቀዝቀዝ ካለ አገር ነው። እኔ ግን እንደ ሕግ ወሰድኩት፤ ለዚህም አንድ ድሃ ከፈለ። የሰውየውን ፊት እስከ ዛሬ አልረሳሁም።

ከዓመታት በኋላ ስለ አሜሪካዊው የአጥንት ተመራማሪ ስለ ዊልያም ባስ ሳነብ ትንሽ ተጽናናሁ። በ1977 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በቴነሲ ግዛት ከተነካካ አሮጌ መቃብር የተገኘ አስከሬን መረመረና ከሞተ ዓመት ያህል ቢሆነው ነው አለ። ሰውየው ግን በእርስ በርስ ጦርነታቸው ጊዜ፣ በ1864፣ የተገደለ ኮሎኔል ሆኖ ተገኘ። ስሕተቱ 113 ዓመት ነበር! በመድኃኒት ተጠብቆ በብረት ሣጥን መቀበሩ ነው ሥጋውን ያቆየው። ባስ ስሕተቱን አልሸሸገም። በ1981 ኖክስቪል ውስጥ የሰው አስከሬን በፀሐይ፣ በጥላና በአፈር ውስጥ እንዴት እንደሚፈርስ ቀን በቀን የሚመዘገብበት ቦታ ከፈተ። ዛሬ የሞት ጊዜን ስንገምት የምንደገፍበት ዕውቀት ትልቅ ክፍል የመጣው ከዚያ ነው።

የእኛ ሙያ ሰው የሆነውን ናይጄሪያዊውን ቤኔት ኦማሉንም አጥኚው። በ2002 ፒትስበርግ ውስጥ ማይክ ዌብስተር የተባለ ታዋቂ የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋች በ50 ዓመቱ በልብ ሕመም ሞተ። አንጎሉ ለዓይን ጤነኛ ይመስል ነበር፤ መዝገቡን መዝጋት ይቻል ነበር። ኦማሉ ግን ሟቹ በሕይወት ሳለ የደረሰበትን መንገላታት ያውቃልና አንጎሉን አቆይቶ፣ ለምርመራው ከኪሱ ከፍሎ፣ በማይክሮስኮፕ አየው። ጭንቅላት ላይ በተደጋጋሚ መመታት ያመጣውን ጉዳት አገኘ። በ2005 ሲያሳትመው የፉትቦል ሊጉ ሐኪሞች ጽሑፉ እንዲሰረዝ ጠየቁ፤ አልተሰረዘም። ሊጉ በጨዋታውና በዚህ ጉዳት መካከል ያለውን ግንኙነት በይፋ ያመነው በ2016 ነው። እንግዲህ ስንት ዓመት እንደሆነ አስቢው።

ርዕስ በአገራችን ሞልቷል። በዝግ ቤት የከሰል ጭስ የሚገድላቸውን ሰዎች ውሰጂ። መጻሕፍቱ ቆዳ ላይ ደማቅ ቀይ ፈልጉ ይላሉ፤ በእኛ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ግን ይህ በቀላሉ አይታይም። ከንፈር ውስጥና ጥፍር ሥር ካላየሽ ያመልጥሻል። እዚያ የምታዪውን በፎቶና በደም ምርመራ አመሳክሮ በሥርዓት መመዝገብ ብቻውን ለብዙ ዓመት የሚበቃ ሥራ ነው።

አንድ ነገር አደራ። ቤተሰቡ ውጭ ቆሞ ነው የምትሠሪው። ድንኳን ተተክሏል፣ ለቀስተኛ ተሰብስቧል፣ ቀብሩ በዕለቱ እንዲሆን ይፈልጋሉ። ቢላዋውን ከማንሳትሽ በፊት ወጥተሽ በስማቸው አናግሪያቸው። ለምርምር ናሙና የምታስቀሪ ከሆነ ደብቀሽ አታድርጊው፤ ምን እንደምትወስጂና ለምን እንደሆነ ንገሪያቸው፣ ፈቃዳቸውን ጠይቂ። እምቢ ቢሉ ተዪው። እኔ እምቢ ያሉኝን ሰዎች አልቀየምኩም፤ የፈቀዱት ደግሞ ብዙ ነበሩ፣ ከጠበቅኩት በላይ።

ሰማያዊውን ደብተር በእናትሽ እጅ ልኬልሻለሁ። ከዚያ ከቆርቆሮ ቤቱ ጉዳይ በኋላ ቆላ በወረድኩ ቁጥር የአስከሬኑን ሙቀት፣ የክፍሉን ሙቀትና የለካሁበትን ሰዓት ጽፌበታለሁ። የሰው ስም የለበትም። ሕይወታቸው ያለፈበት ሰዓት በምስክር የታወቀላቸውን በቀይ አስምሬባቸዋለሁ፤ ማነጻጸሩን በእነሱ ጀምሪ። የክረምቱ ወራት ገጾች ባዶ ናቸው፤ ያኔ መንገዱ በጎርፍ ይዘጋብኝ ነበር። አሁን አስፋልት ገብቷል ይላሉ።