ስለ ዕጣ ገንዘብና ስለ ካሣ

አንባቢ ሆይ፥ ዕጣ የወጣለት ሰው «ይህ የዕድሌ ገንዘብ ነው፤ መንግሥት ምን ድርሻ አለው?» ይላል። በፍርድ ካሣ የተቀበለም እንዲሁ ይላል። የሁለቱ ቃል አንድ ይመስላል፤ ነገሩ ግን የተለየ ነው።

እግሩ ለተሰበረ ሰው ዳኛ ብር ቢፈርድለት፥ ባለጠጋ ሆነ ይባላልን? አይባልም፤ የጎደለው ተተካለት እንጂ ምንም አልተጨመረለትም። ለባለ ዕጣው ግን ያልነበረው ተጨመረለት። ደመወዝተኛው በላቡ ካገኘው ላይ ሲከፍል፥ ያለ ላብ ያገኘው ሊቀር እንዴት ይገባዋል?

በኢትዮጵያ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ይህንኑ ለየ። ከ1,000 ብር ያነሰውን ትቶ በዕጣ ገንዘብ ላይ ከመቶ 15 ግብር ጣለ፤ ስለ አካል ጉዳት ወይም ስለ ሰው ሞት የሚከፈለውን ካሣ ግን ከግብር ነጻ አደረገ።

ነገር ግን ተጠንቀቅ፤ የፍርድ ገንዘብ ሁሉ የጉዳት ካሣ አይደለም። ነጋዴ ባለ ዕዳው ያስቀረበትን ትርፍ በፍርድ ቢቀበል፥ ትርፉ ትርፍ ነው፤ በችሎት በኩል ስለ መጣ ስሙ አይለወጥም።

እንግዲህ ገንዘብ በእጅህ ሲገባ «ተጨመረልኝ ወይስ ተመለሰልኝ?» ብለህ ኅሊናህን ጠይቅ። የተመለሰልህን ያለ ፍርሃት ያዝ፤ ከተጨመረልህ ግን የሕዝቡን ድርሻ ሳትደብቅ ክፈል።