ሐኪሙን ማን ያክመው?

ጠዋት ቡራዩ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ የሚያውቅ ተማሪ፣ አዲስ አበባ ሌሊት ሥራ አድረው የሚወርዱትን ነርሶች ሳያይ አይቀርም። ሰበታና ሱሉልታም እንደዚሁ ነው። ዓይናቸው ቀልቶ፣ እግራቸውን እየጎተቱ ወደ ቤታቸው ይገባሉ።

ከነዚህ አንዱ ዘመዴ ነው። ስሙንም መሥሪያ ቤቱንም አልጠራም። አብሬው በኖርኩበት ዓመት ከጋውኑ ኪስ ባዶ የፔቲዲን ብልቃጥ አገኘሁ። ፔቲዲን ለከባድ ሕመም፣ በተለይም ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚወጋ ማስታገሻ ነው። ሱስ ስለሚያስይዝም ተቆልፎ ይቀመጣል፣ በፊርማ ይወጣል። ብልቃጡን መልሼ ከተትኩት። የቤት ኪራይ የሚከፍለው፣ የደብተር የሚሰጠኝ እሱ ነዋ! የሥራ ጓደኞቹም ለካ «ለበሽተኛ ተሰጠ» ሲል አብረው ይፈርሙለት ኖሯል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ እንዲህ ያለው ዝምታ ፍቅር ነው ወይስ ክህደት?

ፍቅር ነው የሚል ሰው ምክንያት አያጣም። ቢነገርበት ከሥራ ይባረራል፣ ቤተሰብ ይራባል፣ ስም ይጠፋል። ግን በዚያ ሌሊት መድኃኒቱ የታዘዘለት በሽተኛስ? መዝገቡ «ተወግቷል» ይላል፤ እሱ ግን እስኪነጋ አቃስቷል። የኛ ፍቅር ሒሳብ የተከፈለው በማናውቀው ሰው ሕመም ነው።

ዕውቀት ያድናል እንዳንል ታሪክ ይመሰክርብናል። አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ዊሊያም ሃልስቴድ እ.ኤ.አ. በ1884 ኮኬይንን ለማደንዘዣነት በራሱ ላይ ሲሞክር ሱስ ያዘው፤ በኋላም ሞርፊን ተጨመረበት። የጎማ ጓንትን ከቀዶ ሕክምና ጋር ያስተዋወቀ ታላቅ ሰው ነበር። ወዳጆቹ ምስጢሩን ሸፈኑለት። እ.ኤ.አ. በ1922 ሲሞትም ከሞርፊን ጋር እንደተቆራኘ ነበር። ባንጻሩ የኦሃዮው ሐኪም ሮበርት ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1935 ጠጪነቱን ለአንድ ቢጤው አውርቶ መጠጥ አቆመ፤ ሁለቱም ሆነው ሌሎች ሰካራሞችን የሚረዳ ማኅበር መሠረቱ። ሃልስቴድን መጋረጃ ጋረዱት፤ ስሚዝ ግን የሚሰማው ሰው አገኘ።

ታዲያ መክሰስ ብቻ ይበቃል ወይ? አይበቃም። ድካሙ፣ የሌሊቱ ፈረቃ፣ የመድኃኒቱ ለእጅ መቅረብ በአንድ ግለሰብ ጥፋት ብቻ አይገለጹም። የተናገረ ሁሉ የሚባረር ከሆነ ማንም አይናገርም። ተጠያቂነትና የመመለሻ መንገድ አብረው መሄድ አለባቸው። ከመድኃኒቱ ቁልፍ ይራቅ፣ ይታከም፣ ይታይ፣ ከዚያ ይመለስ። አማኑኤል ሆስፒታል ሱሰኛን የሚያክመው ሱስ ሕመም ስለሆነ ነው። ለነጋዴው ሕመም የሆነው ለነርሱ ሲሆን ነውር የሚባልበት ምክንያት አይታየኝም።

እኔ ዘግይቼም ቢሆን «ብልቃጡን አይቻለሁ» አልኩት። ሦስት ወር ዘጋኝ። ኋላ ግን ራሱ ሄዶ ለአለቃው ተናገረ፣ ሕክምናም ጀመረ። ዛሬ በሥራው ላይ ነው። የመድኃኒት ሣጥኑ ቁልፍ እንዳይሰጠው የለመነው ራሱ ነው። ይድናል ወይ ብትሉኝ፣ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ደህና ነው እላለሁ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። የሰው በሽታ የደበቀስ? ያንን ሌሊት ያቃሰተውን በሽተኛ እስካሁን ይቅርታ የጠየቀው የለም፤ እኔንም ጨምሮ።