ፈቃዱ እስኪታወቅ

«የእግዚአብሔር ፈቃድ ከሆነ» ሳንል የምንውልበት ቀን ያለ አይመስለንም። የፈተና ውጤት ሲዘገይ እንላለን፤ የትምህርት ክፍል ስንመርጥ እንላለን፤ ወዳጅ ቤቱ ጠርቶን ለመሄድ ልባችን ሳይፈቅድ ሲቀርም እንላለን። ይህች የመጨረሻይቱ እንኳ እምቢታን በትሕትና መጠቅለያ ናት፤ እኛም እናውቃታለን፣ ጠሪውም ያውቃታል፣ ማንም አይቀየምባትም። ነገር ግን ይኸው አነጋገር ከአፍ አልፎ የኑሮ ዘይቤ ሲሆን፣ እምነት ነው ወይስ ሌላ ነገር ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ጥያቄውን ያነሣንበት ምክንያት አለን። የሚያኮራ አይደለም፤ ቢሆንም እንናገረዋለን።

ባለፈው ዓመት አንድ ማታ ከቤተ መጻሕፍት ስንወጣ የግቢው ዘበኛ፣ ዕድሜያቸው ከአባቶቻችን የማያንስ ሰው፣ አስቆሙንና «ልጆቼ፣ ዳዊት መድገም አምሮኛል፤ ግን ፊደል አልቆጠርሁም። ታስቆጥሩኝ ይሆን?» አሉን። ደስ አለን። «እንጸልይበታለን አባባ» አልናቸው። እውነትም ጸለይንበት፤ በሳምንቱ የጸሎት ርእሶች መካከል ተጽፎ ነበር። ከመካከላችን አንዱ፣ ማስተማር ጸጋ ነው፣ ጸጋ ደግሞ ለሁሉም አልተሰጠም አለ። ሌላው፣ ዛሬ እሳቸውን ብንጀምር ነገ ሌሎቹም መምጣታቸው ስለማይቀር ዘላቂ የአገልግሎት ጥሪ መሆኑ ሳይረጋገጥ መጀመር አይገባም አለ። ሦስተኛው ምልክት እንጠይቅ አለ። ስንል ስንል ሁለት ወር አለፈ። አንድ ቀን በሩ ላይ ሌላ ሰው ቆሞ አገኘን፤ አባባ ወደ ሌላ ሥፍራ ተዛውረዋል። በዚያች ምሽት አንድ ወንድማችን «እንግዲህ በሩ ተዘጋ፤ ፈቃዱ አልነበረም ማለት ነው» አለ። የመለሰለት ሰው የለም። ዛሬ ስናስበው በሩን የዘጋነው እኛው ነን፤ ቁልፉን ግን ለእግዚአብሔር አሸከምነው።

ለመሆኑ «በር ተከፈተ»፣ «በር ተዘጋ» የምንለው ሚዛን ምን ያህል የታመነ ነው? እስቲ ዮናስን በዚሁ ሚዛን እንመዝነው። ወደ ነነዌ ሂድ ተባለ፤ እርሱ ወደ ኢዮጴ ወረደ። እዚያም ወደ ተርሴስ የምትሄድ መርከብ ተዘጋጅታ ጠበቀችው። ለመሳፈሪያውም ገንዘብ አላነሰው። ገብቶ ተኛ፤ ያውም ከባድ እንቅልፍ! በእኛ የጸሎት ስብሰባ ላይ ተነሥቶ «ሁሉ ተሳካልኝ፣ በውስጤም ሰላም ተሰማኝ» ብሎ ቢመሰክር ኖሮ «አሜን» የማይል ማን ነበር? ወለል ብሎ የተከፈተው በር ግን ከተላከበት ሥፍራ ማምለጫ ነበር።

ጳውሎስን ደግሞ እንይ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 እንደምናነበው በእስያ እንዳይሰብክ ተከለከለ፤ ወደ ቢታንያ ሊሄድ ሲል እንደገና ተከለከለ። ከእኛ አንዱ ቢሆን ከሁለተኛው ክልከላ በኋላ ወደ አንጾኪያ ተመልሶ «ጊዜው አልደረሰም» እያለ ይቀመጥ ነበር። እርሱ ግን እግሩን አላቆመም፤ ጢሮአዳ ድረስ ሄደ፤ የመቄዶንያውን ሰው ራእይ ያየውም እዚያ ነው። ራእይ የመጣለት ስንቁን ይዞ መንገድ ላይ ላለ ሰው መሆኑን ልብ ይሏል። ካየ በኋላም ባልንጀሮቹ ጭምር ነገሩን አገናዝበው ነው እንሂድ ያሉት።

የጌዴዎን የበግ ጠጉርም ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። ነገር ግን ጌዴዎን ጠጉሩን በአውድማ ላይ ሲዘረጋ ትእዛዙን አስቀድሞ ሰምቶ ነበር። ያነጠፈው ፈቃዱን ለማወቅ ሳይሆን ስለ ፈራ ነው። እግዚአብሔር ፍርሃቱን ታገሠለት፤ መታገሡ ግን የጌዴዎንን ዘዴ ለእኛ ሕግ አያደርገውም። ስለ ዕጣም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ ማትያስ በዕጣ የተመረጠው መንፈስ ቅዱስ ከመውረዱ በፊት ነው፤ ከዚያ ወዲያ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ሐዋርያት ዕጣ ሲጥሉ አናይም። መጽሐፍ ቅዱስ ገልጦ ዓይን ጨፍኖ ጣት ማሳረፍማ፣ ኧረ ተዉት፤ ጣቱ የፈለግነው ቃል ላይ እስኪያርፍ ሦስት ጊዜ የምንደጋግመው እኛው አይደለንም?

ከመጽሐፉ ወጥተን አሁን ወደ አገራችን ሰው እንምጣ። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋቸዋለን። በ1856 ገደማ ኢሉባቦር ውስጥ በሁሩሙ አካባቢ አንድ ልጅ ተወለደ፤ ወላጆቹ ሂካ አሉት። አባቱን በአራት ዓመቱ አጣ። ኋላም ባሪያ ፈንጋዮች ወስደውት ከጌታ ወደ ጌታ ሲሸጥ ቆይቶ በ1870 ምጽዋ ላይ ነፃ ወጣ። በምኩሉ የስዊድን ሚሲዮን ተማረ፤ በ1872 በትንሣኤ ዕለት ኦነሲሞስ ተብሎ ተጠመቀ፤ ስዊድን አገር ሄዶም አምስት ዓመት ሠለጠነ። ይህ ኦነሲሞስ ነሲብ ነው። ከስዊድን ሲመለስ ጥሪው ምን እንደሆነ አላጠራጠረውም፤ ተነጥቆ ወደ ወጣበት ወገኑ ወንጌልን ይዞ መግባት ነበር። ከዚህ የጠራ ጥሪ ያለው ሰው ከመካከላችን ይኖር ይሆን?

ግን አልሆነም። በዳግማዊ ምኒልክ ግዛት በኩል የውጭ ሚሲዮኖች ማለፍ ስለማይችሉ ጓዶቹና እርሱ በሱዳን ዞሩ። አሶሳ ደርሰው ተመለሱ። ኦነሲሞስ በጽኑ ታመመ። በሚያዝያ 1882 ካርቱም ሲደርሱ ደግሞ የመሐዲ አመፅ ፈንድቶ ነበር። እንግዲህ በእኛ ሚዛን ከዚህ የበለጠ የተዘጋ በር ከየት ይመጣል? መንገዱ በመንግሥት፣ ሰውነቱ በበሽታ፣ አገሩ በጦርነት ተዘግቷል።

ኦነሲሞስ «ለካ ፈቃዱ አልነበረም» ብሎ ነገሩን አልተወም። ደጁ ላይ ቆሞ መከፈቻውን ሲጠብቅም አልኖረም። ወደ ምኩሉ ተመልሶ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ይተረጉም ጀመር። አዲስ ኪዳን በ1893 እዚያው ምኩሉ ታተመ፤ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ በቅዱስ ክሪሾና ታተመ። እርሱ ራሱ ወለጋ የገባው በ1904 ነው፤ ካርቱም ላይ ከቀረበት ቀን ሃያ ሁለት ዓመት ቆይቶ። ሲገባም ባዶ እጁን አልነበረም።

ሂካ ማለት በኦሮምኛ ተርጓሚ ማለት ነው። እዚህ ላይ «አያችሁ፣ ገና ሲወለድ ጥሪው በስሙ ላይ ተጽፎ ነበር!» ብሎ ማድነቅ ይቀላል፤ እኛም መጀመሪያ ስንሰማው እንዲሁ አድንቀናል። ነገር ግን ይህ ከኋላ ሆኖ ሲነበብ ነው። ታሞ ለተኛው ሰው ስሙ አልተነበበለትም። እርሱ ያለመው መሄድን ነው፤ መሄድ ሲከለከል በእጁ የቀረውን ሥራ ያዘ። የሃያ ዓመቱን ትርጉም የምናየው እኛ ነን እንጂ እርሱ ያየው የዕለቱን ገጽ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ቸገረው። ከአገሩ በልጅነት ስለ ወጣ የገዛ ቋንቋው ጎደለበት፤ እርዳታ ጠየቀ። የረዳችው አስቴር ጋኖ ናት፤ ወደ የመን ባሪያ ጭና ከምትሄድ መርከብ የጣሊያን ባሕር ኃይል ያስጣላት ወጣት። ለመዝገበ ቃላት ቃላትን ሰበሰበች፤ አምስት መቶ ያህል እንቆቅልሽ፣ ተረትና ምሳሌ፣ ዘፈንም አሰባሰበች፤ ከዚያ ብዙው በ1894 ለጀማሪ አንባቢዎች በወጣው መጽሐፍ ውስጥ ገባ። ከብሉይ ኪዳን ትርጉምም ብዙው የእርሷ ድካም ነበረ፤ ክብሩ ግን ለእርሱ ብቻ ሲሰጥ ኖረ። ከእርሷ የተፈለገው አስቀድሞ በውስጧ የነበረው ነገር ነው፤ ከእናቷ አፍ የሰማችው ቋንቋ። እኛ ጸጋችን ምን እንደሆነ ለማወቅ ሱባኤ ስንገባና ሌሊት ሙሉ ስናድር፣ ፊደል ማወቃችን አንድም ቀን ትዝ አላለንም። ዘበኛው አባባ ግን አይተውት ነበር።

እንዲህ ስንል ሱባኤንና ጸሎትን ማቃለላችን ከመሰለ አልተግባባንም። በሌላው ወገን ያለውን ጥፋትም እናውቀዋለን፤ ልቡ ያማረውን ሁሉ «እግዚአብሔር ነግሮኛል» እያለ የሚሮጥ ሰው አለ። እህቶቻችን ይህን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል፤ «ሚስቴ እንደምትሆኚ ተገልጦልኛል» የሚል ወንድም ያልገጠማት ስንቷ ናት? ለእሷ ግን አልተገለጠላትም! እንዲህ ያለ ሰው ጥያቄ አይቀበልም፤ ማንም እንዳይከራከረው እግዚአብሔርን ፊት ለፊቱ አቁሞ ከጀርባው ይሸሸጋል። ለንስሐ አባት፣ ለሽማግሌ፣ ለእውነተኛ ባልንጀራ ነግሮ መመርመር ያስፈለገውም ለዚሁ ነው።

በዚህ ነገር ገዳሞቻችን ከእኛ የተሻለ ያውቃሉ እንላለን። መነኩሴ ልሁን ብሎ የመጣን ሰው ወዲያው ቆብ አያጠልቁለትም፤ «ጥሪህ እስኪገለጥ ተቀመጥ» ብለውም አይተዉትም። ውሃ ቅዳ፣ እንጨት ስበር፣ እህል ፍጭ ይሉታል። በረድእነት ዓመታት ያገለግላል። ጥሪው እውነት ከሆነ በእንስራው ሥር ይጸናል፤ ካልሆነም ገዳሙ ውሃውን ጠጥቶበታል፤ ማንም አልከሰረም።

የእኛን ፍርሃት ጠጋ ብለን ስንመለከተው፣ እግዚአብሔርን ላለማሳዘን የምንጠነቀቅ ይምሰል እንጂ የምንፈራው መሳሳትን ነው። ስማችን ከተበላሸ ሥራ ጋር እንዳይነሣ እንፈልጋለን። አስተምረን ቢያቅተንስ? ጀምረን ብንሰለችስ? ስለዚህ ፈቃዱ በግልጽ ይነገረን እንላለን፤ ከተነገረን ስሕተቱ የእኛ አይሆንማ! ሳንጀምር በመቅረታችን ግን ስሕተቱ ቀረልን? አንድ ሽማግሌ ዳዊታቸውን ሳይደግሙ ከግቢያችን ወጡ።

አባባን የት እንደ ተዛወሩ ጠይቀን አልተሳካልንም፤ አሁንም እየጠየቅን ነው። እስከዚያው ግን ከምግብ ቤት ሠራተኞች ሁለት እናቶች መማር እንደሚፈልጉ ነግረውናል። ከሚመጣው ማክሰኞ ጀምሮ ከእራት በኋላ ባዶ በምናገኘው የመማሪያ ክፍል ፊደል እናስቆጥራለን። ጠመኔና ደብተር ያለው ይዞ ይምጣ። ጥሪያችን ይሁን አይሁን ገና አልተገለጠልንም።